ምዕራፍ 5፦ በራሱ ስም የሚገባ ሕፃን

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። በእስራኤል፣ በቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ቫቭ በተባለ ሰፈር ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ደረጃ ላይ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ የሕፃን ጋሪ ጎማ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወርድ ጧ፣ ጧ ይላል። እናት በአንድ እጇ ጋሪውን ትጎትታለች፤ በሌላ ክንዷ የ5 ወር ልጇን አቅፋለች። ከትከሻዋ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ዳይፐር፣ ቅያሪ ልብስና የልጁ ስም በፕላስተር የተለጠፈበት ጡጦ አለ። ነጠላዋን ያጣፋች አያት በሩ ላይ ቆማለች። «እስቲ ለእኔ ተዪው፣ ልጄ» ትላለች፣ እንደ ትናንቱ። «እማ፣ ጉልበትሽስ?» ትላታለች ልጇ፣ እሷም እንደ ትናንቱ። አያት ጠጋ ብላ የሕፃኑን ግንባር ትስማለች። ጋሪው መውረዱን ይቀጥላል።

ይህች እናት አንዲት ሴት ብቻ አይደለችም፤ በየማለዳው ደረጃ የሚወርዱ ብዙ እናቶች በእሷ ውስጥ አሉ። የቤር ሼቫ ሰፈሮች ብዙዎቹ በዕብራይስጥ ፊደል ይጠራሉ፤ ቫቭ ስድስተኛዋ ፊደል ናት። ከሙሴ ዘመቻና ከሰሎሞን ዘመቻ ወዲህ ከተማዋ ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ሆናለች።

ይህ ምዕራፍ አንድ ነገር ይጠይቃል። ያ ጋሪ ወዴት ይሄዳል? የሚገባበትን በርስ የሚከፍተው ምንድን ነው? የእናቱ ደመወዝ? የቤተሰቡ ችግር? ወይስ የልጁ መወለድ ብቻ?

አራስ ጎጆ፣ አንቀልባና ብዙ እጆች

በጎንደር ገጠር የወለደች ቤተ እስራኤላዊት ከቤቷ ወጥታ በአራስ ጎጆ ትቀመጥ ነበር፤ ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን። ሕጉ ከኦሪት ዘሌዋውያን የተወሰደ የንጽሕና ሕግ ነው። ነገር ግን አብሮት ሌላ ሥራም ይሠራ ነበር። በእነዚያ ቀናት እናት ውኃ አትቀዳም፣ እህል አትፈጭም፣ ምጣድ አትጥድም። ምግቧን ሌሎች ሴቶች ያቀርቡላታል። የእሷ ድርሻ ማጥባት፣ ማረፍና ልጇን ማወቅ ነበር። ዛሬ የወሊድ ፈቃድ የምንለውን ነገር መንደሩ ያለ ቅጽና ያለ ማኅተም ይሰጣት ነበር።

ከዚያ በኋላ ተራው የአንቀልባ ነው። በዛጎል ባጌጠ ቆዳ የታዘለ ሕፃን የእናቱን ትንፋሽ እየሰማ፣ ከትከሻዋ በላይ ሰውን እያየ፣ ጨዋታን እያዳመጠ ያድጋል። እናት ሥራ ሲበዛባት አያት ታዝለዋለች፤ አያት ሲደክማት አክስት፤ አክስት ከሌለች ታላቅ እህት። ሕፃኑ ከጀርባ ወደ ጀርባ ቢዛወርም ከሚያውቀው ሰው እጅ አይወጣም። የዚህ ዘመን ተመራማሪዎች የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አእምሮን የሚገነባው ልጁ ድምፅ ሲያሰማ የሚመልስለት፣ ሲያለቅስ የሚያነሳው፣ ሲስቅ አብሮት የሚስቅ የታወቀ ሰው ነው። 

ያንን ዘመን ግን ከነጉድለቱ እንየው። ብዙ ሕፃናት በሚታከም በሽታ ይሞቱ ነበር። ታናሽ ወንድሟን ያዘለችው ታላቅ እህትም በዚያው ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን ይገባት ነበር። የብዙ እጆች ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከአንዲት ትንሽ ልጅ የወደፊት ሕይወት ነበር።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991፣ በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። አውሮፕላኑ ሰውን አመጣ፤ ግቢውን ማምጣት ግን አልቻለም። ያቺ አክስት አሁን በሌላ ከተማ፣ በነታንያ ናት። ታላቅ እህት፣ እሰየው፣ ትምህርት ቤት ናት። አያት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቷን ይዛ ተቀምጣለች። የእናት የጽዳት ወይም የፋብሪካ ፈረቃ ደግሞ ገና በማለዳ ይጀምራል። ሕፃኑን ይቀባበሉት ከነበሩት እጆች ሁሉ የቀሩት ሁለት ናቸው። እነሱም ሥራ ላይ ናቸው።

በ2 በሮች መካከል

የእስራኤል መንግሥት ለትንንሽ ልጆች ሁለት ሰፊ በሮች ከፍቷል። የመጀመሪያው ጢፓት ሐላቭ የተባለው የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ ነው። ትርጉሙ «የወተት ጠብታ» ነው። ሐሳቡ የተጀመረው በ1894 በፈረንሳይ፣ በፌካን ከተማ ሲሆን፣ ሌዎን ዱፉር የተባለ ሐኪም ንጹሕ ወተት ለድሃ እናቶች ያድል ነበር። በ1921 ሀዳሳ የተባለው የሴቶች ድርጅት ያንን ሐሳብ ወደ ኢየሩሳሌም አመጣው። ወተቱ ጀርም ተገድሎለት፣ በበረዶ ቀዝቅዞ፣ በአህያ ተጭኖ በየሰፈሩ ይዞር ነበር። ዛሬ አህያዋ የለችም፤ ነርሷና ሚዛኑ ግን አሉ። እናት ልጇን ይዛ ስትገባ የሚመዘገበው የሕፃኑ ስም፣ ክብደትና ክትባት ነው። እናት ትሥራ አትሥራ፣ አባት ምን ያህል ያግኝ፣ ለክትባቱ ማንም አይጠይቅም።

ሁለተኛው በር ጋን፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት ነው። የ1949ኙ የግዴታ ትምህርት ሕግ ነፃ ትምህርትን ከ5 ዓመት ጀመረ። በ1984 ሕጉ ተሻሽሎ 3 እና 4 ዓመት የሞላቸውንም እንዲያካትት ተወሰነ። ሆኖም አፈጻጸሙ በገንዘብ ምክንያት ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ቆየ። በ2011 በጋ የኑሮ ውድነት ያስመረራቸው ወላጆች የሕፃን ጋሪ እየገፉ አደባባይ ወጡ። ከዚያ በኋላ በማኑኤል ትራክተንበርግ የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ ባቀረበው ምክር፣ ከ2012 ጀምሮ 3 ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በነፃ ጋን የመግባት መብቱ በተግባር ዋለ። ሕጉ ከተጻፈበት ቀን እስኪፈጸም 28 ዓመት አለፈ። በ1984 ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ፣ በሩ በተከፈተ ጊዜ ራሱ የልጆች አባት የሚሆንበት ዕድሜ ላይ ነበር።

አሁን በሁለቱ በሮች መካከል ያለውን ቦታ እንለካ። በሥራዋ ዘመን የሚፈለግባትን መዋጮ የከፈለች እናት ከቢቱአሕ ሌኡሚ (ከብሔራዊ መድን ድርጅት) የምታገኘው የወሊድ ክፍያ 15 ሳምንት ነው፤ እስከ 2017 ድረስ 14 ሳምንት ነበር። ፈቃዱን ማራዘም ትችል ይሆናል፤ ክፍያው ግን ይቆማል። የቤት ኪራይ ደግሞ አይቆምም። ስለዚህ ሕፃኑ 4 ወር ሳይሞላው እናት ሥራ ትገባለች። ነፃው ጋን የሚጀምረው በ3 ዓመቱ ነው። በመካከሉ ከሁለት ዓመት ተኩል የሚበልጥ ጊዜ አለ። ሕፃን መቀመጥ፣ መቆም፣ መራመድ፣ «እማ» ማለት፣ መፍራትና ማመን የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው። ከሕይወቱ ሁሉ እጅግ ፈጣን የሆነውን ዕድገት የሚያድገው፣ መንግሥት በሩን ዘግቶ በሚጠብቀው ዘመን ነው።

ለ3 ወር ልጅ 3 በሮች

በዚህ ክፍተት ውስጥ ልጅን የሚቀበሉ ቦታዎች አሉ። ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉ ሕፃናት የሚውሉበት ማዖን አለ። ብዙዎቹን የሚያስተዳድሩት እንደ ናዓማትና ዊጾ ያሉ፣ መቶ ዓመት ያስቆጠሩ የሴቶች ድርጅቶች ናቸው። ሚሽፓህቶን የሚባልም አለ፤ አንዲት ሴት በቤቷ ጥቂት ልጆችን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የምትንከባከብበት ነው። ወላጅ የሚከፍልበት የግል ማዖንም አለ። ወደ እነዚህ የሚያስገቡት በሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በር የሥራ በር ነው። እናት ትሠራለች ወይም ትማራለች፤ የክፍያ ወረቀቷን፣ የባሏን የክፍያ ወረቀት፣ የአሠሪዋን ማረጋገጫ ታስገባለች። የቤተሰቡ ገቢ ለነፍስ ወከፍ ተካፍሎ ዳርጋ (የክፍያ ደረጃ) ይወጣለታል፤ ዳርጋው ድጎማውን ይወስናል። ለብዙ ቤተሰቦች ይህ በር እውነተኛ እፎይታ ነው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ችግሩ ሥራዋ ቋሚ ያልሆነ እናት ጋ ሲደርስ ይታያል። ፈረቃዋ ተቀንሶ ሥራዋን ያጣች እናት፣ ከሥራው ጋር ድጎማውንም ልታጣ ትችላለች። ልጇን የምታስቀምጥበት ሳታገኝ ሥራ መፈለግ አትችልም፤ ሥራ ሳታገኝ ደግሞ ልጇን የምታስቀምጥበት አታገኝም። ሕፃኑ ሜታፔሌቷን (ተንከባካቢውን) በለመደበት ወር ይወጣል። እሱ ምንም አላጠፋም።

ይህ በር በትልልቆች ጠብ መሐል ምን ያህል በቀላሉ እንደሚወድቅ በ2024 ታይቷል። ውትድርና ያልገቡ የየሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ተማሪዎች ጉዳይ ሀገሪቱን ሲያነጋግር፣ ክርክሩ የልጆቻቸው የማዖን ድጎማ ላይ ደረሰ። ስለ ውትድርናው ሰው የየራሱን አቋም መያዝ ይችላል። እዚህ ላይ የምንማረው ግን ሌላ ነገር ነው። የሕፃን ቦታ በወላጅ ሁኔታ ላይ ከታሰረ፣ የወላጅ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚንቀጠቀጠው የሕፃኑ አልጋ ነው።

ሁለተኛው በር የአደጋ በር ነው። በ2000 የወጣ አንድ ሕግ፣ ቤቱ ለአደጋ ያጋልጠዋል ተብሎ በኮሚቴ የተለየ ሕፃን ማዖን የመግባት መብት እንዲኖረው ደንግጓል። በስሙ ውስጥ «መብት» የሚል ቃል ያለበት ጥሩ ሕግ ነው፤ ብዙ ልጆችንም ከክፉ ጠብቋል። ነገር ግን በእኛ ቤት ዓይን እንየው። እናት ለልጇ ቦታ ለማግኘት ኦቬዴት ሶሲያሊት (የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ) ፊት ተቀምጣ ችግሯን ትዘረዝራለች። ፋይል ይከፈታል። በፋይሉ ላይ ከልጇ ስም አጠገብ የሚጻፈው ቃል «ስጋት» የሚል ነው። ገመናን መሸፈን ክብር ሆኖ ላደገች ሴት ይህ ቀላል አይደለም። አንዳንዷ ቃሉን ዋጥ አድርጋ ትገባለች። ሌላዋ «ልጄን ይወስዱብኛል» ብላ ትፈራለች፤ ወረቀቱን በመሳቢያ ከትታ ቤቷ ትቀመጣለች። ልጇ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ያጣው በቦታ እጥረት ሳይሆን በሩ ላይ በተጻፈው ቃል ምክንያት ነው።

ሦስተኛው በር የኪስ በር ነው። የመጀመሪያው አልከፈት ያላት፣ ሁለተኛውን ያልፈለገች እናት ወደ ግል ማዖን ትሄዳለች። ከእነዚህ መካከል ልጅን በፍቅርና በእውቀት የሚይዙ በጣም ጥሩ ቦታዎች አሉ። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት በእስራኤል ማንኛውም ሰው ያለ ፈቃድ የሕፃናት ቤት መክፈት ይችል ነበር። በሕፃናት ላይ የደረሱ አሰቃቂ ጥፋቶች ሀገሩን ካስለቀሱ በኋላ፣ በ2018 መጨረሻ የቁጥጥር ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት በማዖኖች ካሜራ እንዲገጠም የሚያዝ ሕግም ጸደቀ። በ2022 መጀመሪያ የማዖኖች ኃላፊነት ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛወረ፤ የ3 ወር ሕፃን እንክብካቤ የትምህርት ጉዳይ መሆኑን መንግሥት ያመነበት እርምጃ ነበር። የቁጥጥር ሕጉ የሚመለከተው ግን 7 እና ከዚያ በላይ ሕፃናት ያሉበትን ቦታ ነው። በቤቷ 6 ልጅ የምትይዝ ሴት ፈቃድ አያስፈልጋትም። ዝቅተኛ ደመወዝ ያላት እናት ደግሞ የመክፈል አቅሟ የሚፈቅድላት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ቤት ነው።

በሀገር አቀፍ ደረጃ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባሉ ማዖኖችና ሚሽፓህቶኖች የሚውሉት፣ ከ3 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው።

552 ደቂቃ

ቦታ ተገኘ እንበል። ልጁ በጥሩ ሁኔታ እየዋለ መሆኑን በምን እናውቃለን? ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው፤ ሥዕሉን፣ የመጫወቻውን ብዛት፣ የወለሉን ንጽሕና። እነዚህ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን የሕፃን ማዖን ጥራት ከሁሉ በፊት የሚለካው በእጅ ብዛት ነው፤ አንዲት ሜታፔሌት ስንት ሕፃን ትይዛለች?

በእስራኤል በመንግሥት በሚደገፉ ማዖኖች መለኪያው ለሕፃናት ክፍል አንዲት ሜታፔሌት ለ6፣ ለመካከለኞቹ ለ9፣ ለትልልቆቹ ለ11 ልጅ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከአንድ ዓመት በታች ላሉት የሚመክረው አንድ ለ3 ነው። የቁጥሩን ትርጉም ለማየት እርሳስ እናንሳ። ሕፃን በማዖን በሚውልበት ጊዜ 4 ጊዜ ዳይፐር ይቀየርለታል እንበል፤ በጥንቃቄ ሲሆን በየጊዜው 8 ደቂቃ። 4 ጊዜ ይመገባል እንበል፤ ሳይጣደፍ ሲሆን በየጊዜው 15 ደቂቃ። ለአንድ ልጅ 92 ደቂቃ ይሆናል። ለ6 ልጅ 552 ደቂቃ። ማዖን የሚከፈተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ይህ 540 ደቂቃ ነው። ሜታፔሌቷ ውኃ ሳትጠጣ፣ ሳትቀመጥ፣ አንድም ጊዜ ለአንድም ልጅ ሳትዘምር፣ ማንም ሳያለቅስባት ቀኑ 12 ደቂቃ ይጎድላታል። ስለዚህ ማጠር ያለበት ነገር ይኖራል፤ የሚያጥረውም ዓይን ለዓይን የመተያየት ጊዜ ነው። ልጆቹ 3 ቢሆኑ ኖሮ ሥራው 276 ደቂቃ ነበር፤ የቀኑ ግማሽ ያህል ለጨዋታ፣ ለእቅፍና ለዘፈን ይተርፋታል።

ዳይፐር መቀየርን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከ1946 ጀምሮ በቡዳፔስት የሕፃናት ማሳደጊያ የመራችው የሕፃናት ሐኪም ኤሚ ፒክለር፣ ሞግዚቶቿ ሕፃንን ሲያጥቡና ሲያለብሱ እንዳይቸኩሉ ታሠለጥን ነበር። ሞግዚቷ መጀመሪያ ለልጁ ትነግረዋለች፤ «አሁን እግርህን አነሳለሁ» ትለዋለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ሕፃኑ እግሩን ራሱ እስኪያቀርብ ትጠብቃለች። የ6 ወር ልጅ በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ይማራል፤ እኔ ሰው ነኝ፣ ከሰውነቴ ጋር የሚሠራ ነገር ሁሉ ይነገረኛል። ለዚህ ትምህርት ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። ጊዜ ያላት ሰው ብቻ ያስፈልጋል።

ይህንን በእስራኤል ውስጥ የተሠራ ጥናት ደግፎታል። በ2002 አቭራሃም ሳጊና ባልደረቦቹ በሐይፋ ከ700 በላይ ሕፃናትን ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። በማዖን ከሚውሉት መካከል ከእናታቸው ጋር ያላቸው የመተማመን ትስስር የላላባቸው ልጆች በዝተው ተገኙ። ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት በአንዲት ሜታፔሌት እጅ ያሉት ሕፃናት መብዛትና የጥራት መጓደል ነበር። እዚህ ላይ እናት ራሷን እንዳትወቅስ እለምናለሁ። ጥፋቱ የእሷ ሥራ መግባት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ለ6 ሕፃናት አንድ ሰው የመደበው በጀት ነው።

በቤር ሼቫ ይህ ቁጥር ሌላም ትርጉም አለው። ሳይረን ሲጮህ ወደ መጠለያ ለመግባት የሚሰጠው ጊዜ ወደ 1 ደቂቃ ገደማ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊት በተሠሩ ሕንፃዎች ማማድ (በውስጡ የተሠራ የመጠለያ ክፍል) ብዙ ጊዜ የለም፤ ሚክላት (የጋራ መጠለያ) ፍለጋ ከክፍል መውጣት ግድ ይሆናል። አንዲት ሴት መራመድ የማይችሉ ስንት ሕፃናት አቅፋ ትሮጣለች? ሁለት ክንድ ነው ያላት።

የሜታፔሌቷ ደመወዝም የጥራት አካል ነው። ክፍያዋ ዝቅተኛ ከሆነ ጀርባዋን የሚያጎብጥ ሥራዋን ትታ ትሄዳለች። ሕፃኑ «የእኔ» ያላት ሰው ከዓመቱ አጋማሽ ትጠፋለች፤ በቦታዋ አዲስ ፊት ይመጣል፤ እሷም ትሄዳለች። በመንደሩ ሕፃኑን የሚያዝሉት ጀርባዎች ቢለዋወጡም ሁሉም የታወቁ ነበሩ። እዚህ ግን ሕፃኑን የሚያነሱት እጆች ሳይታወቁ ይለዋወጣሉ።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በ1972 በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ቻፕል ሂል ከተማ አበሴዳሪያን የተባለ ሙከራ ተጀመረ። 111 የድሃ ቤተሰብ ልጆች ተመረጡ፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ገና በጨቅላነታቸው ሙሉ ቀን በሚሰጥ እንክብካቤ ውስጥ ገቡ፤ ለሕፃናቱ አንድ ሞግዚት ለ3 ነበር። 30 ዓመት ሲሞላቸው በተደረገው ክትትል፣ ከገቡት መካከል 23 በመቶው የ4 ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ጨርሰዋል፤ ካልገቡት መካከል 6 በመቶው ብቻ። በጨቅላነት የተሰጠ እንክብካቤ ፍሬው ከ30 ዓመት በኋላ ታየ።

የካናዳዋ ኬቤክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠች። በ1997 በቀን 5 ዶላር የሕፃናት እንክብካቤ አወጀች፤ የእናቶች ሥራ መግባት በግልጽ ጨመረ። ነገር ግን ቦታው ከጥራቱ ቀድሞ ሮጠ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በአንዳንድ ልጆች ላይ የጠባይና የጭንቀት ችግር መጨመሩን አሳዩ፤ ጥራታቸው የተጠበቀው የሕዝብ ማዕከላት ግን የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በሩን በርካሽ መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ከበሩ ጀርባ የሚቀበለው ሰው ይወስናል።

ለምዕራፋችን ጥያቄ ቀጥተኛውን መልስ የሰጠችው ጀርመን ናት። ከነሐሴ 1 ቀን 2013 ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ የእንክብካቤ ቦታ የማግኘት መብት በሕግ አለው። የመብቱ ባለቤት ልጁ ነው። በ2016 ከላይፕዚግ የመጡ እናቶች ጉዳያቸው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ከተማ በራሱ ጥፋት ቦታ ሳያዘጋጅ ከቀረ፣ ወላጅ ያጣችውን ደመወዝ መጠየቅ እንደምትችል ወሰነ። ስዊድንም ከ2001 ጀምሮ ወላጁ ሥራ ያጣ ልጅ ቢያንስ በሳምንት 15 ሰዓት ቦታው እንዲጠበቅለት ደንግጋለች። ወላጅ ከሥራ ቢወጣም ልጁ ከለመደው ሰው እጅ አይወጣም።

ኢትዮጵያም ይህንን መንገድ ጀምራለች። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናት የሚውሉበት የሕፃናት ማቆያ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲኖር አዘዘ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ሁለቱም ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደግሞ የወሊድ ፈቃዱን ወደ 120 ቀን ከፍ አድርጓል። አዲስ አበባም በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሟ የሕፃናት ማቆያዎችንና ቤት ለቤት የወላጆች ምክርን የከተማ አስተዳደሩ ሥራ አድርጋለች። ሆኖም እዚያም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ፤ ማቆያው ያለው በእናት መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ መርካቶ ጉልት የምትቸረችር እናት ልጅ በየትኛው በር ይገባል?

ለቫቭ ምን ይሻላል?

ቤር ሼቫ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለችም። በ1998 ጆይንት የተባለው የአይሁድ የእርዳታ ድርጅት ከአሜሪካ የአይሁድ ፌዴሬሽኖችና ከከተማ አስተዳደሮች ጋር ፓክት የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ዓላማው የቤተ እስራኤል ልጆችን ከልደት እስከ ትምህርት ቤት መግቢያ መደገፍ ነበር፤ ቤር ሼቫም ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች አንዷ ነበረች። አማርኛና ዕብራይስጥ የሚችሉ ሜጋሽሮች (አገናኞች) በቤትና በጋን መካከል ድልድይ ሆኑ። ወላጅ «ምን እያሉኝ ነው?» ሳይል ስለ ልጁ መነጋገር ቻለ። ያ ሥራ ትልቅ ነው። ነገር ግን ፕሮግራም በለጋሽ ፈቃድ ይኖራል፣ ዘመኑም ይቆጠራል። ሕግ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ሕፃንም ይጠብቃል።

ስለዚህ የምለው ይህንን ነው። ጢፓት ሐላቭ ሕፃኑን በስሙ ትቀበለዋለች። ጋንም በስሙ ይቀበለዋል። በመካከሉ ያሉት ዓመታትም እንደዚያ ይሁኑ፤ የወሊድ ክፍያው ባለቀበት ቀን ለልጁ የተዘጋጀ ቦታ ይኑር። ወላጅ እንደ አቅሙ ይክፈል፤ የሌለው አይክፈል። እናት ሥራ ብታጣ ልጁ አይውጣ። ችግር ያለበት ቤት ልጅም ከጎረቤቱ ልጅ ጋር በአንድ በር ይግባ፤ ተጨማሪ እርዳታው ከውስጥ፣ በጸጥታ፣ ያለ ምልክት ይሰጠው። ለሕፃናት ክፍል አንድ ሰው ለ3 ወይም ለ4 ይሁን፤ ሜታፔሌቷ ሥልጠናና የሚያኖር ደመወዝ ታግኝ። አንድ ለ6 የሆነውን ወደ አንድ ለ3 ማውረድ የሠራተኛ ወጪን እጥፍ ያደርጋል፤ ይህንን አውቀን ነው የምንጠይቀው። ጋንን ነፃ ማድረግም ውድ ነው ተብሎ 28 ዓመት ጠብቋል፤ ዛሬ ግን ማንም ይመለስ አይልም።

በቫቭ ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ከሜታፔሌቶቹ መካከል አማርኛ የምትችል ትኑር። ልጁ ዕብራይስጥን ይማራል፤ መማርም አለበት። ማታ ግን አያቱ «ምን በላ? ተኛልኝ ወይ? ማን አባበለው?» ብላ ስትጠይቅ መልስ ታግኝ። ልጅን የሚያሳድጉት እጆች እርስ በርስ መነጋገር ካልቻሉ፣ ሕፃኑ በሁለት የማይተዋወቁ ዓለሞች መካከል ብቻውን ይመላለሳል።

ወደ ማለዳው እንመለስ። ጋሪው የመጨረሻውን ደረጃ ወርዷል። እናት ልጇን አስተካክላ ታስቀምጠዋለች፤ ፀሐዩ ገና ስላልከረረ መጋረጃውን ትገልጥለታለች። በማዖኑ በር ላይ አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ ትቀበለዋለች። ወረቀት ሳትጠይቅ መጀመሪያ ስሙን ትጠራዋለች። ዘወር ብሎ ያያታል። ድምፅዋን ያውቀዋል፤ ባለፈው ወርም እሷ ነበረች። እናት ልቧ ሳይከፈል ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ አያትም በመስኮት ሆና ጋሪው ከዓይኗ እስኪሰወር ታየዋለች። ይህ ማለዳ ዛሬ ጥቂት ልጆች ያገኙት ነው። ለእነሱ በዕድል የደረሳቸው ነገር፣ በዚያው ደረጃ ለሚወርድ ሕፃን ሁሉ በመብት ይድረሰው።